የቅኝ ግዛት ዘመን የአሜሪካ ቤትን ለዛሬ ኑሮ ማመቻቸት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቦስተን አካባቢ ቤት የፈለገ ሰው «ኮሎኒያል» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይውልም። ቤቱ ከተገዛ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ይከተላል። ግድግዳው ይፍረስ? መስኮቱ ይቀየር? ማድ ቤቱ የት ይሁን? እዚህ የሰበሰብኩት እነዚህን ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፤ የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት በክፍል በክፍል መከፋፈሉ ነው። አዲሱ ነገር ከኋላ ይጨመርለት፣ መሃሉ ግን ባይነካ እመርጣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሎኒያል» ተብሎ የተሸጠልኝ ቤት እውነት የቅኝ ግዛት ዘመን ቤት ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። የእውነቶቹ አሜሪካ በ1776 ነፃነቷን ከማወጇ በፊት የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ቆመው የሚገኙት ጥቂት ናቸው። በ1876 የነፃነቱ መቶኛ ዓመት በፊላዴልፊያ በትልቅ ኤግዚቢሽን ሲከበር የቀድሞውን ዘመን ቤት የሚናፍቀው በዛ። ከዚያ ወዲህ በዚያው መልክ አዲስ ቤት መሥራት ፋሽን ሆነ። ቨርጂኒያ ውስጥ የዊልያምስበርግ ከተማ በባለሀብቱ በሮክፌለር ገንዘብ ከ1926 ጀምሮ ሲታደስ ደግሞ ፍቅሩ ባሰ። ስለዚህ ፌርፋክስ ወይም ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በ1960ዎቹ ወይም በ1980ዎቹ የተሠራው «ኮሎኒያል» መልኩን የወረሰ የቅርብ ጊዜ ቤት ነው።

ልዩነቱ ለሥራው ወሳኝ ነው። የእውነቱ ከሆነ እንጨቱ፣ ኖራውና መስታወቱ ራሱ ቅርስ ነው። አንድ ጣውላ ከመነቀሉ በፊት ሁለቴ ይታሰብበታል። የቅርብ ጊዜው ከሆነ ነፃነትዎ ሰፊ ነው። የክፍሎቹ አደራደር ግን ስለሚመሳሰል ከታች የምለው አብዛኛው ለሁለቱም ይሠራል።

ዓይነቶቹ ምን ምን ናቸው?

በኒው ኢንግላንድ መጀመሪያ የተሠሩት መሃላቸው ላይ ትልቅ ጭስ ማውጫ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ አንድ አንድ ክፍል አላቸው። ማሳቹሴትስ፣ ዴደም ውስጥ ያለው የፌርባንክስ ቤት በ1640 ገደማ የተሠራ ነው። በሰሜን አሜሪካ እስካሁን ከቆሙት ባለ እንጨት ምሰሶ ቤቶች ሁሉ ጥንታዊው እሱ ነው። እንዲህ ባለው ቤት ጀርባ አንድ ረድፍ ክፍል ሲጨመር ጣሪያው በዚያ በኩል ረዝሞ ወደ መሬት ይወርዳል። ይህን «ሶልትቦክስ» ይሉታል። «ኬፕ ኮድ» ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ላይኛው ክፍሉ ጣሪያው ሥር የገባ ትንሽ ቤት ነው። ሃድሰን ወንዝ ዳር የሰፈሩት ሆላንዶች የራሳቸውን አመጡ። ከእነሱ ጋር ስሙ የሚነሳው መሃሉ ላይ የሚታጠፈው ጣሪያ ነው።

ከ1700 በኋላ «ጆርጂያን» መጣ። በሩ መሃል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ አምስት መስኮት በእኩል ርቀት፣ ውስጡ ሰፊ ኮሪደርና ደረጃ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ክፍል። ዛሬ በዲሲ ዙሪያ በብዛት የሚሸጠው የዚህ ልጅ ነው።

ለምን አንዳንዱ ጭስ ማውጫ መሃል፣ አንዳንዱ ዳር ላይ ሆነ?

አየሩ ነው። ማሳቹሴትስ ክረምቱ ከባድ ስለሆነ ምድጃዎቹን ሁሉ መሃል ላይ አንድ ላይ አደረጓቸው። ጡቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለሁሉም ክፍል ይሰጣል። ቨርጂኒያ ችግሩ የበጋው ሙቀት ስለሆነ ጭስ ማውጫው ወደ ዳር ወጣ። መሃሉ ኮሪደር ሆነና የፊትና የኋላ በሩ ሲከፈት ነፋስ ያልፍበታል። ዛሬም ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ሁለቱን በሮች ይክፈቷቸው፤ ኤርኮንዲሽን ሳያበሩ የሚውሉበት ቀን ብዙ ነው።

ግድግዳውን አፍርሼ አንድ ሰፊ ሳሎን ላድርገው?

በጣም የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው። መልሴ አታፍርሱ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

መጀመሪያ፣ የመሃሉ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ተሸካሚ ነው። የላይኛው ፎቅ ወለል እንጨቶች ጫፍ እዚያ ላይ ያርፋል። ለማንሳት የብረት ወይም የጠነከረ እንጨት አግዳሚ፣ ሥሩ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ሥር ደግሞ ቤዝመንት ድረስ የሚወርድ መሠረት ይፈልጋል። መሃንዲስና ፐርሚት ያስፈልጋል። ወጪው ብዙ ሰው ከገመተው በላይ ነው። ጥንታዊ ቤት ውስጥ ደግሞ የመሃሉን ጭስ ማውጫ መንካት ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያለውን የጡብ ክምር መንካት ነው። እሱን አይሞክሩት።

ሁለተኛው ምክንያት ኑሮ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ቤት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እሁድ ጠዋት ቁሌት ይቁላላል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ሽንኩርቱ ሶፋውና መጋረጃው ላይ ተጣብቆ ሳምንት ይከርማል። ልጅ የቤት ሥራ ይሠራል፣ አባት ዙም ላይ ስብሰባ አለው፣ እንግዳ ሳይደውል ይመጣል። በር ያለው ክፍል ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ነው። የፊት ለፊቷ ትንሽ ሳሎን ለቡና ተመቻችታ የተሠራች ነው የምትመስለው፤ ዕጣኑ እዚያው ይታጠናል፣ በሩ ይዘጋል፣ የፎቁ የጭስ ደወልም አይጮህም።

የግድ ብርሃንና ስፋት ከፈለጉ አንድ ቦታ ብቻ ይክፈቱ። የምመርጠው በማድ ቤቱና ከጎኑ ባለው የምግብ ክፍል መካከል ያለውን ነው። ግን ሙሉውን አይጥረጉት። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጫማ ያህል ግድግዳ ይቅር፤ ላይም ከኮርኒሱ በታች አንድ ጫማ ይተው። ዙሪያው በእንጨት ፍሬም ይለበጥ። እንዲህ ሲሆን ከአንዱ ክፍል ሌላው ይታያል፣ ሁለቱ ክፍሎች ግን ሁለት ሆነው ይቀራሉ። ተንሸራቶ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ባለመስታወት በር ቢገጠምለት ደግሞ ሽታውም ይቆማል።

ማድ ቤቱ የት ይሁን?

ከኋላ። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ባለሀብቶች ማድ ቤታቸውን ከዋናው ቤት ለይተው ጓሮ ይሠሩት ነበር። እሳት ቢነሳ ዋናው ቤት እንዲተርፍ፣ ሙቀቱና ሽታውም እንዲርቅ ነው። አዲስ አበባ ሰርቪስ ቤት ባለበት ግቢ ያደገ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ማውንት ቨርኖን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ፣ ማድ ቤቱ ለብቻው የቆመ ነው። ከዋናው ቤት ጋር የሚያገናኘው ባለ ዓምድ መተላለፊያ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ቅርብ ስለሆነ ሄዶ ማየት ይቻላል። እዚያ እሳት ዳር የሚውሉት በባርነት የተያዙ ሰዎች እንደነበሩም አብሮ ይታወቅ።

ዛሬ ይህን ሐሳብ ከዋናው ቤት ጀርባ በሚቀጠል ዝቅ ያለ ክፍል መመለስ ይቻላል። ቦታ ከሌለ ደግሞ ቤዝመንት ወይም ጋራዥ አጠገብ ለእንጀራና ለቁሌት የሚሆን ሁለተኛ ትንሽ ማድ ቤት ይታሰብ። ሁለተኛ ምድጃ ፈቃድ የሚጠየቅበት ካውንቲ አለና አስቀድመው ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የራሱ መስመር ይዘርጉለት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የጭስ መምጠጫው አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን። አጣርቶ እዚያው የሚመልሰው ለኛ ወጥ አይሆንም። ግን በጣም ኃይለኛ መምጠጫ ሲገጠም ከቤቱ የወጣው አየር ከየት እንደሚተካ መታሰብ አለበት። ካልታሰበ አየሩ በጭስ ማውጫው በኩል ወደታች ይሳባል፤ ሳሎን ምድጃ ውስጥ እሳት ካለ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል። በብዙ ቦታዎች የሚሠራበት የግንባታ ደንብ በደቂቃ ከ400 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ለሚመጥ ተተኪ አየር እንዲገባ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ቤተሰቡ በዛ፤ ቤቱ ጠበበን። እንዴት ልጨምርበት?

መጨመር ለዚህ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ሶልትቦክስ ራሱ ብዙ ጊዜ ከጭማሪ የተወለደ ነው። ማውንት ቨርኖንም የዋሽንግተን አባት በ1734 ያሠራው ትንሽ ቤት ነበር። ልጁ በ1750ዎቹ መጨረሻ ፎቅ ጨመረበት። ከ1774 ጀምሮ ደግሞ በሁለቱም ጎን አስፋፋው። ፊት ለፊቱን ልብ ብለው ካዩት መስኮቶቹ እኩል አልተደረደሩም። የጭማሪው ታሪክ እዚያ ይነበባል።

ሦስት ነገር ይጠብቁ። ጭማሪው ከኋላ ይሁን። ጣሪያው ከዋናው ጣሪያ ዝቅ ይበል። ግድግዳው ከዋናው ቤት ጥግ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ይበል፤ አንድ ጫማም ይበቃል። እነዚህ ከተጠበቁ ከመንገድ ሲታይ ዋናው ቤት ዋና ሆኖ ይቀጥላል። ጭማሪው ውስጥ ግን እንደፈለጉ ይሁኑ። ሰፊ መስታወት፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ያ የተመኙት ሰፊ የቤተሰብ ክፍል እዚያ ይሠራ።

እናቴ ከኢትዮጵያ ልትመጣ ነው። ደረጃው አያስቸግርም?

ያስቸግራል። የጥንት ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ እርከን ስምንትና ዘጠኝ ኢንች ይነሳል፣ መርገጫውም ጠባብ ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ መነሻ የሚሆነው ሞዴል የግንባታ ደንብ ለአዲስ ቤት ከ7 ኢንች ከሦስት አራተኛ በላይ መነሳትን አይፈቅድም። ሁሉም መኝታ ፎቅ ላይ መሆኑ ደግሞ የዚህ ቤት ትክክለኛ ድክመት ነው።

እዚህ ላይ ነው ያልፈረሰው ግድግዳ ውለታ የሚመልሰው። ከፊት ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን ለእማማ መኝታ ያድርጉ። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ከማድ ቤቱም አይርቅም። የሚቀረው መታጠቢያ ቤት ነው። ከደረጃው ሥር ያለው ቦታ ለሽንት ቤትና ለእጅ መታጠቢያ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሻወሩ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቦታ ቢሆን የውኃ መስመሩ ያጥራል። በሩ 36 ኢንች ይሁን፤ አንድ ቀን ዊልቸር ቢያስፈልግ ያልፋል። ሻወሩ ውስጥ የእጅ መያዣ የሚታሰርበት እንጨት ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ይግባ። ኋላ ሲያስፈልግ ማፍረስ የለም።

ኮርኒሱ ዝቅ ማለቱ ያፍነኛል። ምን ላድርግ?

ብርሃን ይጨምሩ። በየጥጉ የቆመ መብራት ያድርጉ፣ ግድግዳውን ብሩህ ቀለም ይቀቡ፣ ከባድ መጋረጃ ያውልቁ። ብዙ ሰው ልስኑን አውርዶ የወለል እንጨቶቹን ያወጣል። ይህ ትክክል የሚሆነው በ1600ዎቹ ለተሠሩት ነው። እነዚያ ሲሠሩም እንጨታቸው እንዲታይ ነበር፤ ጠርዙ በጥንቃቄ ተልጎ ያገኙታል። ከ1700 በኋላ በተሠራ የደላው ቤት ግን እንጨቱ በልስን እንዲሸፈን ታስቦ ነው የገባው። ስለዚህ ሻካራ ነው። ማውጣቱ ድምፅን ከፎቅ ወደ ምድር ከማስተላለፍ በቀር አይጠቅምም።

መስኮቶቹ አርጅተዋል። ልቀይራቸው?

በጥንታዊ ቤት አይቀይሯቸው፤ ይጠግኗቸው። እንጨቱ ቀስ ብሎ ካደገ ዛፍ የተገኘ፣ ቀለበቱ የጠበቀ ጠንካራ እንጨት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ እንደሱ ያለ በቀላሉ አይገኝም። የተበላሸው ገመዱ፣ መስታወቱን የያዘው ፑቲና ቀለሙ ነው። እነዚህ ይታደሳሉ። ከዚያ ከውጭ ወይም ከውስጥ ተደራቢ መስታወት ይገጠምለት። ብርዱን የመከላከል አቅሙ ወደ አዲስ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ይጠጋል።

የቅርብ ጊዜ ቤት ከሆነ መቀየር ነውር የለውም። ግን መስኮቱን የሚከፋፍሉት ቀጫጭን እንጨቶች በሁለት መስታወት መካከል የተቀበሩ ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች አይሁኑ። ከውጭ ጎልተው የሚወጡ ይሁኑ፤ ጥላ ይጥላሉ፣ የቤቱ ፊት ሕይወት ያገኛል።

ከውጭ መስኮቱ ግራና ቀኝ ስለሚታሰሩት መዝጊያዎችም ልናገር። በየሰፈሩ የማየው አንድ ነገር አለ፤ ሰፊ መስኮት ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ መዝጊያ ግድግዳ ላይ ተሰፍቶ። ቢዘጋ መስኮቱን እንደማይሸፍን ከሩቅ ያስታውቃል። ልክ የሆነው እያንዳንዱ መዝጊያ የመስኮቱን ግማሽ ስፋትና ሙሉ ቁመት ሲኖረው፣ በማጠፊያ ሲታሰርና ሥሩ ላይ የብረት መያዣ ሲኖረው ነው። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ባይኖር ይሻላል።

በክረምት ቤቱ አይሞቅም። ኢንሱሌሽን (ብርድ መከላከያ) ግድግዳ ውስጥ ላስነፋ?

ከግድግዳ አይጀምሩ። መጀመሪያ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ይሸፈን። ቀጥሎ ቤዝመንት ላይ የቤቱ እንጨት ከመሠረቱ ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ ይዘጋ። ንፋስ በብዛት የሚገባው ከታች ነው፣ የሚወጣው ከላይ። የማይነድ ምድጃ ካለ ጭስ ማውጫው ይከደን። እነዚህ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ።

የጥንት እንጨት ግድግዳ እርጥበት ሲገባው በአየር እየደረቀ ነው ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት የቆየው። ክፍተቱ በአረፋ ከተሞላ ውኃው ይታሰራል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ደግሞ ሚኒ ስፕሊት፣ ማለትም በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው መሣሪያ፣ ተስማሚ ነው። ሰፊ የአየር ቱቦ ለማሳለፍ ኮርኒስ መቅደድ አይጠይቅም።

የጡቡ መገጣጠሚያ እየረገፈ ነው። በሲሚንቶ ልድፈነው?

አይሆንም! ይህን በደንብ ይያዙልኝ። የጥንት ጡብ ለስላሳ ነው፤ የተያያዘውም በኖራ ነው። በቁልፍ ጫፍ ቢጭሩት እንደ አሸዋ ይረግፋል። ኖራው ከጡቡ የለሰለሰ ስለሆነ እርጥበቱ በእሱ በኩል ይወጣል፣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስም የሚሰነጠቀው እሱ ነው። መገጣጠሚያው በፖርትላንድ ሲሚንቶ ሲደፈን ነገሩ ይገለበጣል። እርጥበቱ በጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ ክረምት ላይ በረዶ ይሆናል፣ የጡቡም ፊት እየተላጠ ይወድቃል። ጡብ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። በኖራ መሥራት የሚያውቅ ግንበኛ ይፈልጉ፤ ቢወደድም ዋጋው ተገቢ ነው።

ቀለሙስ? ነጭ ብቻ ነው እንዴ የሚፈቀደው?

ኧረ አይደለም። ጥንት በኒው ኢንግላንድ ብዙው ቤት ከናካቴው አልተቀባም ነበር። ያለውም ሰው ደማቅ ቀለም ይወድ ነበር። ዋሽንግተን ከምግብ ክፍሎቹ አንዱን ደማቅ አረንጓዴ አስቀብቷል።

ከመቀባት በፊት ግን መፋቅ አለ፣ አደጋውም እዚያ ነው። ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም በአሜሪካ የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ አለበት ብለው ይነሱ። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፣ በእሳትም አይቃጠል። አቧራው ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። የሚሠራው ኮንትራክተር ለዚህ ሥራ የተሰጠ የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ሰርተፊኬት እንዳለው ይጠይቁ። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ይቆዩ።

ምድጃው ላይ እሳት ማንደድ እችላለሁ?

የጭስ ማውጫ ባለሙያ ውስጡን በካሜራ ካየው በኋላ ብቻ። የጥንቶቹ ውስጣቸው ሽፋን የለውም። ስንጥቅ ካለ እሳቱ ከጡቡ ጀርባ ያለውን እንጨት ያገኘዋል። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቱቦ አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል።

ፈቃድ ከማን ልጠይቅ?

ቤቱ ባለበት ከተማ ወይም ካውንቲ። ታሪካዊ ክልል ውስጥ ከሆነ ሌላ ቦርድ ይጨመራል። አሌክሳንድሪያ የድሮውን ከተማዋን በ1946 ነው በሕግ የከለለችው። እዚያ ከመንገድ የሚታይ የውጭ ለውጥ በሥነ ሕንፃ ቦርዱ ማለፍ አለበት። የውስጡ ብዙውን ጊዜ የእርስዎ ነው። አንድ ቤት በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻውን በራሱ ገንዘብ የሚያድሰውን ባለቤት አይከለክለውም። የሚከለክለው የአካባቢው ደንብ ነው። የፌዴራሉ የ20 በመቶ የታክስ ቅናሽ ደግሞ ገቢ ለሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃ እንጂ ራስዎ ለሚኖሩበት አይሰጥም። ስቴቶች የራሳቸው ሊኖራቸው ስለሚችል እሱን ይጠይቁ።

ይህ መልክ ከባርነት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አያስከፋም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ማውንት ቨርኖንም ሆነ አቅራቢያው ያለው የፖለቲከኛው የጆርጅ ሜሰን ቤት፣ ገንስተን ሆል፣ የቆሙት በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ነው። ሰሜኑም ንጹሕ አልነበረም። ማሳቹሴትስ፣ መድፈርድ ውስጥ ሮያል የሚባል ባለሀብት ቤተሰብ መኖሪያ ከነባሪያዎቹ ማደሪያ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ጥንታዊ ቤት የገዛ ሰው የቤቱን ሰነድ እስከ ታች እንዲመረምር፣ እዚያ የሠሩትን ሰዎች ስም ካገኘም እንዲያስቀምጥ እመክራለሁ። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ የስም ዝርዝር አንድ ልጅ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ይማርበታል።

በጀቴ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከውኃ። ጣሪያው አያፍስስ፣ አሸንዳው ይጠረግ፣ የዝናቡ ውኃ ከመሠረቱ ራቅ ብሎ ይፍሰስ። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ነው። በሸክላ መያዣዎች ላይ የተዘረጋ የድሮ ሽቦ ካለ ይቀየር፤ የቤት መድን ድርጅቶችም ይጠይቁበታል። ከዚያ የጣሪያው ሥር ኢንሱሌሽን፣ ከዚያ የታችኛው መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ ማድ ቤቱ። ቀለምና መዝጊያ የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። ማድ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ግን አንድ ክረምትና አንድ በጋ በቤቱ ይኑሩበት። ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባና ቤተሰቡ የት መቀመጥ እንደሚወድ ያኔ ይታወቃል፤ ፕላኑም በዚያ ይነደፋል።